«ጨጓራ ነው፤ አብሽሪ!»

ሳይማር የተመረቀ ሐኪም የሌለበት ሰፈር የለም። ለከሚሴ የደረሷት ክቡር ዶክተር ሙሀመድኑር ናቸው። እንጀራቸው የሰንበቴ ገበያ የከብት ድለላ ነው፤ ሕክምናውን የሚሠሩት ለአጅር፣ ከአላህ ለሚገኝ ምንዳ ነው።

የሚያውቁት በሽታ አንድ ብቻ ነው። ጉልበቱን ለያዘውም፣ ጥርሱን ለሚያመውም፣ ሚስቱ ጥላው ለሄደችበትም «ጨጓራ ነው፤ አብሽር!» ይላሉ። ወባ የጣለው መምህር በድሩ እንኳ በእሳቸው ትእዛዝ ተልባ ጠጥቷል። አንዴ የጨፋ ገበሬ የተሰበረ ክንዱን አንጠልጥሎ ቢመጣ፣ «ምሳ በልተሃል?» ብለው ጠየቁት።

ጎረቤታቸው ረቢአ ድምፃቸውን ስትሰማ የተኛች መስላ ትጋደማለች። ምን ታድርግ? የአንጀቷ ካንሰር ጉበቷ ላይ ወጥቶባት ሕንድ አገር ድረስ ሄዳ፣ በደም ሥሯ ቀጭን ቱቦ አስገብተው መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ጉበቷ ለቀውላት ተመልሳለች። በሳምንቱ ሆዷን ከላይ በኩል ያቃጥላት ጀመር። ካንሰሩ ተሰራጨ ብላ ደመደመች። ሕመሙን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለሁለተኛው ዙር ሕክምናም አልሄድም አለች። ጠያቂው ሁሉ በዝግታ ዱዓ አድርጎላት ይወጣል።

ዶክተር ሙሀመድኑር ግን ዝግታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

«አካም ጅርታ፣ ረቢአ! መተኛትሽን ተይውና የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

ሳታስበው እጇ ከእምብርቷ በላይ አረፈ።

«ሲርብሽ ይብሳል?»

«ይብሳል፣ ጋሼ።»

«ዓይነ ምድርሽስ ጠቁሯል?»

እህቷ ዓዲላ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እንዲህ ያለው ነገር በከብት ገበያ እንጂ በሰው ቤት አይጠየቅም። ረቢአ ግን «እንደ ከሰል» አለች።

«ጨጓራ ነው፤ አብሽሪ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዓዲላ፣ መኪና ጥሪ!»

ደሴ ሆስፒታል ወስደዋት ሐኪሙ በጉሮሮዋ ካሜራ አስገብቶ ሲያያት ጨጓራዋ ቆስሎ ይደማል። ወደ ጉበቷ ከተላከው መድኃኒት ጥቂቱ በሌላ ደም ሥር ሾልኮ ጨጓራዋን አቁስሎት ኖሯል። ካንሰሩ እዚያ አልደረሰም፤ ቁስሉ ሲድን ሕክምናው ሊቀጥል ይችላል። «ጥቂት ቀን ብትቆዪ ኖሮ...» አለ ሐኪሙና ተወው።

ክቡርነታቸው ከተማውን በፉከራ ያናውጡታል ብላ ስትጠብቅ፣ አልጋዋ ሥር ቁጭ ብለው በፎጣቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«እንደት አወቁት፣ ጋሼ?»

«ወላሂ አላወቅሁም። ጉበት ሲሉኝ ፈራሁ። ጨጓራ እንዲሆንልሽ ነው አላህን የለመንኩት፤ በጨጓራ የሞተ ሰው ቀብሬ አላውቅም።»

ረቢአ እኒህን ሰውዬ እንደዚያን ቀን ወድዳቸው አታውቅም።

«እንግዲያው ለሁለተኛው ዙር እሄዳለሁ» አለቻቸው።