በአራት ሽፋን ያለፈው ቅቤ

[መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ። ሁለት ደባሎች የተከራዩት ክፍል። ዐቢይ ጾም ነው። የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪው ኤልሳዕ ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጥናቱን ለፈታኞች ያቀርባል። አሁን ግን ኮቱን እያሸተተ ደባሉ ገብረተንሳኤ ላይ አፍጥጧል።]

ኤልሳዕ፦ አትካድ። እናቴ ለፋሲካ የላከችልኝን ቅቤ ከፍተሃል።

ገብረተንሳኤ፦ በስመአብ፤ በሑዳዴ? እኔ እንኳን ቅቤ፣ ወተት ያለበት ብስኩትም አልነካሁ።

ኤልሳዕ፦ ታዲያ ኮቴ ለምን ቅቤ ቅቤ ይሸታል?

ገብረተንሳኤ፦ ከቅቤው ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ የከተትከው አንተ ነህ።

ኤልሳዕ፦ በአራት ሽፋን የታሸገ ነገር አይሸትም። ክዳኑ አለ፣ ሁለት ፌስታል አለ፣ በላዩ ፎጣ አለ። እኔ እኮ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ገብረተንሳኤ፦ ቅቤ ነው እንዴ የተማርከው? እኔ ኒውክሌር መስሎኝ።

ኤልሳዕ፦ ኒውክሌር ነው። ስማኝ፤ የኒውክሌር ነዳጅ…

ገብረተንሳኤ፦ ነዳጅ ገባ? የትኛው ማደያ? ባጃጆቹ ከትናንት ጀምሮ ተሰልፈው ነው ያደሩት።

ኤልሳዕ፦ የባጃጅ አይደለም አልኩህ። ዩራኒየም ነው፤ የጤፍ ፍሬ የምታክል። በላይዋ አራት ሽፋን አላት፤ ሦስቱ ካርቦን፣ አንዱ ጠንካራ ሴራሚክ።

ገብረተንሳኤ፦ ለአንዲት ጤፍ ይህ ሁሉ ልብስ? በርዷት ነው?

ኤልሳዕ፦ እሳት ናት እንጂ። ውስጧ ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይወለዳሉ፤ ሲሲየም በለው፣ ብር በለው። ጨረር ስላላቸው እንዳይወጡ ነው የምትሸፈነው።

ገብረተንሳኤ፦ ብር ትወልዳለች ነው የምትለኝ? እና እንዳይወጣ ትከለክላለህ?

ኤልሳዕ፦ ቀለበት የሚሠራበት ብር፣ ያውም ጨረር ያለው። ኪስህ ውስጥ ብትይዘው ያቃጥልሃል።

ገብረተንሳኤ፦ እሺ፣ ይቅርብኝ። ይወጣሉ ታዲያ?

ኤልሳዕ፦ ሽፋኑ ካልተሰነጠቀ አንድም አይወጣም። የጥናቴ መደምደሚያ ይኸው ነው። ብቻ… ውጭ አገር ሲለኩ ሽፋኑ ደህና ሆኖ ብሩ ውጭ ተገኝቷል። እኔ «ያልታየ ስንጥቅ አለ» ብዬ አለፍኩት። ፈታኜ ዶክተር የሺወርቅ ይቺን ይዘው እንዳይጥሉኝ ነው የምፈራው። ከጣሉኝ ሌላ ዓመት ነው፤ እናቴ ደግሞ ለምረቃዬ ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች።

ገብረተንሳኤ፦ አይዞህ፣ ሓወይ፤ አይዞህ ወንድሜ።

ኤልሳዕ፦ አይዞህን ተወው። ቅቤው ከሸተተ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከአንተ ሌላ ደግሞ እዚህ ቤት ሰው የለም። በሳይንስ ተረጋገጠ።

ገብረተንሳኤ፦ ቆይማ፣ እኔ ቶሎ አይገባኝም። ቋጠሮው ተፈቷል?

ኤልሳዕ፦ [ሻንጣውን ከፍቶ ያያል] አልተፈታም።

ገብረተንሳኤ፦ ፌስታሉ ተቀዷል?

ኤልሳዕ፦ አልተቀደደም።

ገብረተንሳኤ፦ ክዳኑስ?

ኤልሳዕ፦ ጥርቅም እንዳለ ነው።

ገብረተንሳኤ፦ ሽታው ግን ኮትህ ላይ ነው።

ኤልሳዕ፦ ኮቴ ላይ… [አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል] ገብረተንሳኤ።

ገብረተንሳኤ፦ ምን ሆንክ? ውሃ ላምጣ?

ኤልሳዕ፦ ሽፋኑ ደህና ነው፣ ሽታው ወጥቷል። ስንጥቅ አያስፈልግም ማለት እኮ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ብሩ በደህናው ሴራሚክ ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ ያልፋል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በከንቱ ሌባ አደረግኩህ፤ ይቅር በለኝ።

ገብረተንሳኤ፦ ምንም አይደል። ግን ይህን ለፈታኞቹ ልትነግር ነው?

ኤልሳዕ፦ መንገር ብቻ? ኮቱን አሽትቱት እላቸዋለሁ።

ገብረተንሳኤ፦ [ደንገጥ ብሎ] ኮቱን እንኳ ተወው። በጾም ደስ አይልም።

ኤልሳዕ፦ ማስረጃ ነው። [ኮቱን አጥልቆ እየሮጠ ይወጣል]

[አመሻሽ። ኤልሳዕ እየሳቀ ይገባል።]

ኤልሳዕ፦ አለፍኩ። መደምደሚያዬ ስህተት ነው ብዬ ራሴው ጀመርኩላቸው። ዶክተር የሺወርቅ «ልክ ነህ፤ ደህና ሽፋን ሲሲየሙን ይይዘዋል፣ ብሩ ግን ያመልጠዋል። እንዴት ደረስክበት?» አሉኝ። ኮቴን አውልቄ ሰጠኋቸው፤ ሁሉም ተቀባብለው አሸተቱት። አስተካክለህ አስገባ አሉኝና አሳለፉኝ። ደስታዬ ልክ የለውም።

ገብረተንሳኤ፦ እንኳን ደስ አለህ። ፈርመዋል?

ኤልሳዕ፦ ፈርመዋል።

ገብረተንሳኤ፦ ተመልሰው መጣል አይችሉም?

ኤልሳዕ፦ አይችሉም። ምነው?

ገብረተንሳኤ፦ እንግዲያው ልተንፍስ። እሑድ ዕለት ሽሮው አልወርድ አለኝና ከቅቤህ አንድ ማንኪያ ወሰድኩ። መልሼ እንደነበረ ቋጠርኩት። ከማንኪያው ግን ኮትህ ላይ ጠብ አለብኝ፤ በገበሩ በኩል ስለሆነ አይታይም።

ኤልሳዕ፦ [ኮቱን ገልብጦ ያያል፤ ቀስ ብሎ ይቀመጣል] ዶክተር የሺወርቅ እኮ ደግመው ነው ያሸተቱት።

ገብረተንሳኤ፦ ምን አጠፋህ፣ ሓወይ? እሳቸው ያሉት ሓቅ ነው፤ ብሩ በራሱ ይወጣል። ቅቤ ግን አውጪ ይፈልጋል።