የኮበለለችው ጨረቃ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የተወጋው ሰው ቁስሉን እየነካካ ስንት ዓመት መኖር እንደሚችል ተረቱ አልነገረንም። እኔ ልንገራችሁ፦ አሥራ አምስት ዓመት ይቻላል። ከዚያም በላይ ይቻል ይሆናል፤ ገና አልጨረስሁም።

የእኔ ቁስል አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ጨረቃ ምድርን እንዴት እንደምትዞር በኮምፒውተር የሚያሰላ ሥራ ነበር። አማካሪዬ «ደካማ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ በዓመቱ ያንኑ ደካማ ሥራ በእሱ ስም ታትሞ አገኘሁት። እሱ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ገነነ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም የፊዚክስ አስተማሪ ሆንሁ። ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሐሳብ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው አፉን ሳይሆን እጁን ነው።

ዘንድሮ ትርንጎ የምትባል የኮምፒውተር አስተማሪ ትምህርት ቤታችን መጣች። የጅጋ ገበሬ ልጅ ናት። ያረጁትን ኮምፒውተሮች አቧራ አራግፋ፣ ምድርን፣ ጨረቃንና አምስት መቶ ከዋክብትን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች። ርእሰ መምህሩ ግን ክፍሉን ለመጻሕፍት ማከማቻ ፈልገውታል። ዓርብ ለተማሪው አሳይታ ከሠራ ክፍሉ የእሷ፣ ካልሠራ የመጻሕፍቱ እንደሚሆን ቁርጡን ነገሯት።

ሰኞ ሄጄ አየሁላት። ከዋክብቱ ጭቃ እንደያዘው ጋሪ ይጎተታሉ። ጨረቃዋማ ሦስት ዙር ትዞርና ምድርን ጥላ ትኮበልላለች። የጨረቃዋን በሽታ ባየሁ ቅጽበት አወቅሁት፤ መድኃኒቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነዋ። ምን አልኋት መሰላችሁ? «አምልጣለች» አልኋት። ማክሰኞም «ዛሬም አምልጣለች» ብዬ ወጣሁ። ረቡዕም እንዲሁ። እናንተ ብትሆኑ ትነግሯት ነበር፤ አውቃለሁ። እናንተን ማን ዘረፋችሁ?

ሐሙስ ስገባ ጨረቃዋ ትዞራለች። ቆሜ ቆጠርሁ። መቶ ዙር ሞላች፣ ከመንገዷ ንቅንቅ አላለችም። እንዴት አድርጋ እንደመለሰቻት ጠየቅሁ።

«ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያራምዳትና ኋላ ነበር የሚያዞራት» አለችኝ። «አባባ ሲያርሱ ማሳው ዳር ደርሰው በሬውን ሳያዞሩ አይራመዱም፤ ቢራመዱ የሰው ማሳ ውስጥ ነው የሚገቡት። ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት፣ አለቀ።»

በእኔ ወረቀት ይህ አርባ ገጽ ፈጅቷል።

ከዋክብቱም እንደ ጉድ ይሮጣሉ። ቀድሞ እያንዳንዱ ኮከብ የሌሎቹን ሁሉ ስበት አንድ በአንድ ያሰላ ነበርና ያረጀው ኮምፒውተር አልቻለውም። «ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ከሩቅ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ሲመጣ ሁሉም ተራ በተራ ይናገራል እንዴ? አንድ ሽማግሌ ስለ ሁሉም ይናገራል። ለብቻው የሚያጽናና የቅርብ ጎረቤት ነው።» የራቁትን ከዋክብት በቡድን በቡድን አድርጋ እያንዳንዱን ቡድን እንደ አንድ ቆጠረችው። ይህ በእኔ ወረቀት የለም። አማካሪዬ ከእኔ በሰረቀው ወረቀትም ሊኖር አይችልም። አሥራ አምስት ዓመት የዘበኝነት ሥራ የሠራሁለት ሀብት፣ ለካ ይህች ልጅ በአራት ቀን አልፋው የምትሄደው መንገድ ኖሯል። ቀናሁ ልላችሁ ነበር፤ ግን ደስ ነው ያለኝ። ለራሴም ገርሞኛል።

ዓርብ ተማሪው ክፍሉን ሞላው። ጨረቃዋ ዞረች፣ ክፍሉም የትርንጎ ሆነ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ ስሞች ወጡ፦ የእሷ፣ የአባቷ፣ ቀጥሎ የእኔ። ተማሪው አጨበጨበልኝ።

ጠጋ ብዬ፣ እኔ ምንም አልሠራሁምና ስሜን አውጪው አልኋት።

«በየቀኑ እየመጡ አምልጣለች ባይሉኝ ሰልችቶኝ እተወው ነበር፣ ጋሼ። ደግሞስ ደቦ ላይ የመጣ ሰው ይቆጠራል እንጂ ያጨደው ይለካል?»

እንግዲህ በሠራሁት ላይ ስሜ የለም፤ ባልሠራሁት ላይ አለ። ስለ መሳቢያው ልነግራት አፌን ስከፍት ርእሰ መምህሩ እጃቸውን ዘርግተው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ጨበጥኋቸው። ምን ላድርግ፣ እጅ ተዘርግቶ።

አማካሪዬም የጀመረው እንዲሁ ይሆን?