ጋሽ ሙሉሰው ካላዩት አይዘጋም

በዚህ አገር ሥራ የሚገድለው ስንፍና ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። ሥራ የሚገድለው ያለቀ ሥራ የሚያስከፍት ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየእድሩ አንድ አንድ ተመድቦልናል። እናንተ ጨርሳችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ኮታችሁን ለብሳችሁ ልትወጡ ስትሉ ከኋላ ይመጣና አንዲት ቃል ይናገራል፤ «ክፈተው!»

ለእኔ የተመደቡልኝ ክቡር ጋሽ ሙሉሰው ናቸው። ያውም በሁለት በኩል! በሥራ ቦታ፣ በአውሮፕላን ጥገና ወርክሾፕ፣ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪዬ፣ መካኒሳ አቦ ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ። በሕግ አምላክ፣ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ይታደላል?

ረጅም፣ ቀጭንና ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። የጎበጡት በዕድሜ ሳይሆን ሰው የዘጋውን ነገር በቀዳዳ ሲያዩ ነው። ከደረት ኪሳቸው ሁለት ነገር አይለይም፤ እስክሪብቶ የምታህል ባትሪ፣ እና የጥርስ ሐኪም እንደሚይዛት ያለች ረጅም እጀታ ያላት ክብ መስታወት። በባትሪዋ ያበራሉ፣ በመስታወቷ የነገሩን ጀርባ ያያሉ። «ጋሼ፣ ደህና ነው ብለውኛል» ካላችኋቸው ቅንድባቸውን ሰቅለው «አየኸው ወይስ ሰማኸው?» ይሏችኋል። «ነገር በዓይን ይገባል» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ይተርተዋል። እሳቸው ግን እንደ ደንብ ወስደውታል።

ወይዘሮ ዙሌካ ከእኛ በር ፊት ለፊት ሱቅ አላት። ባሏ ኑሪ ስንት ደጅ ጠንቶ ያገለገለ ፍሪጅ ገዛላት። ሰፈሩ በሙሉ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሊጠጣ ተሰልፏል። ጋሽ ሙሉሰው ተራቸው ደርሶ ገቡ፣ ጠርሙሱን ተቀበሉና ሳይከፍቱት ጎንበስ አሉ። የፍሪጁ ገመድ በበሩ የላሜራ ጠርዝ ሥር ያልፋል።

«ዙሌካ፣ ይህን ገመድ ንቀይው።»

«ጋሽ ሙሉሰው፣ ይሄ እኮ ሱቅ ነው እንጂ አይሮፕላን አይደለም። የትም አይበርም!»

«የማይበርም ይቃጠላል።»

ፍሪጁ ተነቀለ። ለስላሳውን ሞቅ እንዳለ ጠጣነው። እሳቸው ግን ለገመዱ ሌላ መንገድ ካላበጀሁለት ብለው ግድግዳ ሲቦረቡሩ ዋሉ።

ይህስ ይሁን። የእትዬ ጤናዬ ባል ሲያርፍ ድንኳን ውስጥ ያደረጉትን ግን ምን ትሉታላችሁ? ጋሽ ሙሉሰው ገቡ፣ እጅ ነሱ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉና ተቀመጡ። እኛ አቀርቅረናል። እሳቸው ወደ ላይ ያያሉ። እኔ ወደ ሰማይ የሚያዩ መስሎኝ ልቤ ተነክቶ ነበር። አጅሬ የሚያዩት ከድንኳኑ ብረት ጋር የተጠመዘዘውን የአምፖል ገመድ ነው! ትንሽ ቆዩና ወደ እድሩ ዳኛ ጠጋ ብለው «ነፍስ ይማር፤ ይህን ያሰረው ማነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ እድራችን ድንኳን ሲተክል «መጀመሪያ ጋሽ ሙሉሰውን ጥሩ፣ ለቅሶው ይደርሳል» ይባላል።

እዚህ ላይ ንዴቴን ለአፍታ ላስቀምጥና ዋናውን ነገር ላስረዳ። ካላበሳጨ በቀር እጅግ የሚገርም ነገር ነው።

የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሽቦ ተፈትቶ ቢዘረጋ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ወንዙን ይሻገራል። ይህ ሁሉ ሽቦ ታስሮ ክንድ የሚያህል ጥቅል ይሆንና በላሜራው መሀል ይተላለፋል። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። ጥቅሉ ከላሜራ ጠርዝ ጋር ከተነካካ ይፋቃል። አንድ ቀን ምንም አይሆንም፤ አንድ ወርም ምንም አይሆንም። የጉድጓድ አፍ ላይ የተጋደመ እንጨት ያየ ሰው ገመድ እንጨት እንደሚበላ ያውቃል። እዚህ ላሜራው ነው ገመዱን የሚበላው። የሽቦው ልባስ ያልቅና ራቁቱን የቀረው መዳብ ብረት ሲነካ ብልጭ ይላል። አጠገቡ የነዳጅ ቱቦ ካለ የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ይህ ጉድ በዓለም ላይ በአንድ አውሮፕላን ከታየ፣ ያን ዓይነት አውሮፕላን ያለው ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆን፣ መመሪያ ይደርሰዋል። መመሪያው አይለምንም፤ ያዝዛል። ይህን ሽፋን ክፈት፣ ሽቦውን እይ፣ ተበልቶ ከሆነ ቀይር፣ የፕላስቲክ እጅጌ አልብሰው፣ በመቆንጠጫ ይዘህ ከብረት ሁሉ አንድ ጣት አርቀው፤ ይህን እስክታደርግ አትብረር ይላል። መቆንጠጫው የሚታሰርበትን ብሎን ቁመት ሳይቀር ይወስናል። በመጨረሻም ሁለት ፊርማ ይጠይቃል፤ አንዱ የሠራው ሰው፣ ሌላው ያየው ሰው። የሠራውና ያየው አንድ ሰው መሆን አይችልም። ይህን ሐሳብ ያፈለቀውን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመዋለሁ። ሁለተኛውን ፊርማ ለጋሽ ሙሉሰው የሰጠውን ሰው ባገኘው ግን ሌላ ነገር ነበር የማደርገው።

እንዲህ ያለ መመሪያ በ1978 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወደ እኛ ወርክሾፕ መጣ። ሰብል ላይ መድኃኒት የሚረጩ ስድስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩን። ያን ጊዜ ደግሞ የሥራ ውድድር የሚባል ነገር ነበር። ስድስቱ አውሮፕላኖች ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት፣ ከደረሱ ክፍላችን ዋንጫ ይወስዳል፤ የሠራው ሰው ኮከብ ሠራተኛ ይባልና ለስድስት ወር ትምህርት ምሥራቅ ጀርመን ይላካል። የሠራው ሰው እኔ ነበርኩ። ከኑሪ ሻንጣ ተውሼ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ።

ሥራው ቀላል ነበር። የጠፋው ብሎኑ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ደገፋ መዝገቡን ሳያይ «የለም» አለኝ።

«መቼ ይመጣል?»

«ከውጭ ነው። ሦስት ወር በለው። ይቺ ግን አለችልህ፤ ትንሽ ትረዝማለች እንጂ ያው ናት።»

ወደ ክፍል ኃላፊያችን ወደ ጓድ መኩሪያ ሄድኩ። ጓድ መኩሪያ ከጠረጴዛቸው ቀና ሳይሉ «ጓድ ውዳሴ፣ ብሎን ብሎን ነው» አሉና የዕቃ መጠየቂያው ላይ አንድ ነገር ጻፍ አድርገው ፈረሙልኝ። እኔም አላቅማማሁም። ዓይኔ ሻንጣው ላይ ነበር።

ጋሽ ሙሉሰው በዚያ ሰሞን ለሥራ ክፍለ ሀገር ተልከው ነበር። አቤት ያን ጊዜ ሥራ ሲጣፍጥ! በአሥራ አንድ ቀን ስድስቱንም ጨርሼ ዘጋሁ። የአንደኛዋ ሞተር መሬት ላይ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ተሞከረ፤ ችግር የለም። የቀረው የጋሽ ሙሉሰው ስድስት ፊርማ ብቻ ነው።

ጳጉሜ ሦስት ከች አሉ። ወረቀቶቹን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ክፈተው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንዱ ሽፋን ሃያ አራት ብሎን ነው ያለው!»

«ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩህ?»

«ደህና ነው አልኩዎት እኮ። ሞተሩም ተነስቶ ተሞክሯል።»

«እኔ አላየሁትም።»

ጓድ መኩሪያ ከቢሯቸው ወጡ። «ጓድ ሙሉሰው፣ በዓሉ ደርሷል፤ ሰፊው ሕዝብ ይጠብቃል» አሉ። ጋሽ ሙሉሰው ባትሪያቸውን እየሞከሩ «አብራሪውም ይጠብቃል» አሉ።

ከፈትኩት። በንዴት፣ በየብሎኑ እየረገምኳቸው ከፈትኩት። ሁለት ሰዓት የተሞከረችዋ ናት። መስታወቷን ከጥቅሉ ጀርባ አስገቡ፣ ባትሪውን አበሩ። ከዚያ ከጋዜጣ ጠርዝ ቀጭን ወረቀት ቀደው ሰጡኝ።

«በብሎኑ ጫፍና በጥቅሉ መሀል አሳልፈው።»

ወረቀቱ አላለፈም።

«መመሪያው አንድ ጣት ነው ያለው» አሉ። «ወረቀት እንኳ አላለፈም። እስቲ እይ።»

በመስታወቷ አየሁ። የረዘመችው ብሎን በመቆንጠጫው አልፋ፣ እኔው ያለበስኩትን እጅጌ ነክታ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነጭ ጭረት አውጥታበታለች። ሽቦው እንዳይፋቅ ብዬ ያሰርኩት ነገር ራሱ ሽቦውን እየፋቀው ነበር። ስድስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በስድስቱም ሰው ሊበር ነበር።

ይህን አይቼ አመሰገንኳቸው? አላመሰገንኳቸውም! እውነታቸውን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። የተሳሳተን ነዝናዛ ሰው ይችለዋል፤ ትክክል የሆነን ነዝናዛ ማን ይችለዋል? ስድስቱም ተከፈቱ። አጭሩ ብሎን እስኪመጣ በዓሉ አለፈ፣ ዋንጫው ወደ እንጨት ሥራ ክፍል ሄደ። ምሥራቅ ጀርመን የሄደው አናጢ ነው። የኑሪን ሻንጣ አቧራውን ጠርጌ መለስኩ።

ነገሩ ግን በሻንጣ አላበቃም። ከላይ «አውሮፕላኖቹ ለምን ዘገዩ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጥያቄው ስም ይፈልግ ነበርና ጓድ መኩሪያ ስም አዘጋጁ፤ የእኔን። «ጓድ ውዳሴ ሆን ብሎ ተገቢ ያልሆነ ብሎን በመግጠም የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽሟል» የሚል ደብዳቤ ተጻፈ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተጻፈበት ሰው የሚሄድበት ቦታ ሻንጣ አያስፈልገውም ነበር። ከጓድ መኩሪያ ፊርማ ሥር የባለሙያ ምስክር ፊርማ የሚሆን ባዶ ቦታ ቀርቷል። ባለሙያው ደግሞ ማን ነው? ብሎኑን ያገኙት፣ ስድስቱን ያስከፈቱት፣ ስከፍት ስረግማቸው የሰሙት ሰው!

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ፣ እኔ ጥግ ላይ። ደብዳቤው ለጋሽ ሙሉሰው ተሰጠ። መነጽራቸውን አደረጉ። እንደ ጥገና መመሪያ በጣታቸው መስመር በመስመር አነበቡት።

«ተገቢ ያልሆነ ብሎን ይላል» አሉ። «እውነት ነው። አይቻለሁ፣ ይረዝማል። ይህ ልጅ ማየት ሲገባው አላየም፤ እሱንም እፈርማለሁ። ይቺ ‹ሆን ብሎ› የምትለዋ ግን የት ናት?»

«እንዴት የት ናት?» አሉ ጓድ መኩሪያ።

«አላየኋትማ። እርስዎ አይተዋታል ወይስ ሰምተዋታል?»

«ጓድ ሙሉሰው፣ ይህ ፖለቲካዊ ጉዳይ ነው!»

«እንግዲያው ይክፈቱልኝና ልያት። እኔ ያላየሁት ላይ አልፈርምም። ሠላሳ ዓመት ፈርሜ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዞር አሉ። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ብሎን ከመጋዘን በእግሩ ሄዶ አይወጣም። የወጣበት ወረቀት አለ። ፋይሉን ክፈቱት።»

ደገፋ ተጠርቶ ፋይሉን ይዞ መጣ፤ ፋይሉ ተከፈተ። የዕቃ መጠየቂያዬ ላይ፣ በጓድ መኩሪያ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ «በረጅሙ ይተካ» ይላል፤ ሥሩ ፊርማ አለ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለእኔም ለጓድ መኩሪያም ማስጠንቀቂያ ተጻፈልን። የእኔን ጋሽ ሙሉሰው ከነፊርማቸው አጸደቁት።

ወደ መካኒሳ አብረን በእግራችን ተመለስን። «ጋሼ፣ ነፍሴን…» ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም።

«ለአንተ ብዬ አይደለም። ጥፋትህ ጥፋት ነው። እሱ ወረቀት ተዘግቶ ነበር፣ መከፈት ነበረበት፤ ይኸው ነው።» ትንሽ ሄድን። «ደግሞ የሁለተኛዋን አውሮፕላን እጅጌ ጠምዝዘህ ነው ያለበስከው። ነገ ትከፍታታለህ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ! ከሞት አፋፍ መልሰውኝ፣ ገና እግሬ ሳይረጋ እጅጌ!

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እሳቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ጓሮ አንዲት ክፍል ጨመርኩና መብራት አስገባሁ። ባለቤቴ ተሾመች የማከፋፈያ ሳጥኑ ክዳን እንደ ተከፈተ መዋሉን አይታ «አልጨረስክም እንዴ?» አለችኝ። «ጨርሻለሁ» አልኳት። «ታዲያ ለምን አትዘጋውም?» መብራቱን ከዋናው አጠፋሁና በአጥሩ በኩል ተጣራሁ፤ «ጋሼ!»

መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ባትሪዋና መስታወቷ ግን አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ላዩን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ ከጋዜጣ ወረቀት ቀደው አሳለፉ፣ ጣታቸውን ከተቱ።

«ዝጋው» አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታው እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ዓይናቸው እኮ ደክሟል።

«ጋሼ፣ እስቲ… አንዴ ብቻ ደግመው ይዩልኝ።»

ቀና ብለው በቁጣ አፈጠጡብኝ። «አየሁት አልኩህ እኮ! ኧረ በሕግ አምላክ፣ ምን ዓይነት ነዝናዛ ሰው ነህ አንተ!»

እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉና ደግመው አዩልኝ።