እትዬ የሺወርቅና አልጠፋም ያለችው መብራት

ጋራዥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ደንበኛ አያጣም። «ተሠርቷል» ሲሉት «ማን አለ?» የሚል፣ መኪናው ከበሩ ብቅ ስትል መካኒኩ ድንገት ሌላ መኪና ስር ያላጠበቀው ብሎን ትዝ የሚለው። እንዲህ ያለ ደንበኛ የለኝም የሚል ካለ ገና ጋራዥ አልከፈተም።

ለቡራዩው መካኒክ ለዛኪር የደረሱት ክብርት እትዬ የሺወርቅ ናቸው። ሰበታ ላይ መጋረጃ ይሸጣሉ፤ ከልጃቸው ከመቅዲ በዕድሜ ብዙም የማታንስ ነጭ አውቶሞቢል ይነዳሉ። አንድ ጊዜ «ከኋላ ይንኳኳል» ብለው አመጧት፤ ዛኪር ግማሽ ቀን ፈልጎ ያገኘው ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተረሳ የመጋረጃ ዘንግ ነው። አላፈሩም። «ታዲያ ይንኳኳል አላልኩህም?» አሉት።

ትልቁ ጦርነት ግን የተነሳው ዳሽቦርዱ ላይ በበራች አንዲት ቢጫ መብራት ነው። የኤቢኤስ መብራት ናት። ኤቢኤስ ማለት፣ ዛኪር እንዳስረዳቸው፣ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ነው። መብራቷ በራች ማለት እሱ ሥራ አቁሟል ማለት ነው፤ ተራው ፍሬን ግን ይሠራል። ሌላው ደንበኛ የመጨረሻዋን ቃል ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። እትዬ የሺወርቅ ከፊተኛዋ ላይ ንቅንቅ አልል አሉ።

በእኛ አገር የዚህ በሽታ መድኃኒት ይታወቃል፤ አምፖሏን መንቀል ነው። እሳቸው እምቢ አሉ። የሰበታው ኤሌክትሪሺያን የጎማውን ፍጥነት የሚያነበውን ሴንሰር በአዲስ ቀየረላቸው፤ መብራቷ ከተማ ውስጥ ጠፍታ ቆይታ የሆለታ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ በራች። የሱሉልታው ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ፤ አሁንም በራች። ኦቦ ሊቤ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ ደግሞ ጥቁር ፕላስተር ቆርጠው «እንኩ፣ ይለጥፉባት። ረኮ ሂንቀቡ፣ ምንም ችግር የለውም» አሏቸው።

«ልጄ ስታለቅስ አፏን አላፈንኩም፤ የመኪናዬንም አላፍንም» ብለው ፕላስተሩን እጃቸው ላይ መለሱላቸው።

ግትርነታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። መቅዲ ሱሉልታ ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ክረምቱም ገብቷል። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ የሚያወርደው መንገድ ደግሞ ቁልቁለት፣ ጭጋግና የጭነት መኪና ነው።

«እትዬ፣ ለዚያን ቀን ሌላ መኪና ይያዙ» አላቸው ዛኪር አንድ ቀን፣ ፈራ ተባ እያለ።

«ባሏ ሥራው ክፍለ ሀገር ነው፤ አባቷ የለ። የማላውቀው ሹፌር ስልኩን እያወራ በዚያ ቁልቁለት ልጄን ያውርዳት? የማወርዳት እኔ ነኝ! አንተ መኪናዋን ሥራ!»

ዛኪር በሆዱ እየተነጫነጨ እንደገና በኮምፒውተር መረመራት። መልሱ ያው የድሮው ነው፤ የኋላው የቀኝ ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይዞራል ይላል።

«አንድ መኪና ላይ ያለ ጎማ እንዴት ብቻውን ይፈጥናል? ሴንሰሩ እየዋሸ ነው» አለ።

«አዲስ አይደል እንዴ? መዋሸት ከመቼው ተማረ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ባይዋሽስ? እውነቱን ቢሆንስ?»

ዛኪር ሊስቅ አፉን ከፍቶ ሳይስቅ ቀረ። ጎንበስ ብሎ የጎማውን ቁጥር አነበበ፤ ከዚያ የሌሎቹን። እትዬ የሺወርቅም የመጋረጃ መለኪያቸውን ከቦርሳ አውጥተው ጎማውን እንደ ወገብ ለኩት። ከሌሎቹ ያንሳል። ትንሽ ጎማ እኩል ለመሄድ ብዙ መዞር አለበት። ሦስት ከተማ ሙሉ መካኒክ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ፣ ጎማውን ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም።

«ይሄን ማን ገጠመልዎት?»

«መንገድ ላይ ፈንድቶብኝ አንድ ጎሚስታ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይለያል፣ ግን ይገባል አለኝ። ገባ።»

አገሩ ሙሉ የሚሄደው በዚህችው «ይገባል» ነው። ዛኪር አሁንስ ጥፋታቸውን ያምናሉ ብሎ ጠበቀ። ምን በወጣቸው!

«አዲስ ጎማ ምን አጠፋ? ያረጁት ሦስቱ ናቸው። እነሱን ቀይርና ከሱ ጋር እኩል አድርግልኝ!»

ተደረገ። ሆለታ መንገድ ድረስ አብረው ነዷት፤ መብራቷ አልበራችም። ሲመለሱ እትዬ የሺወርቅ አላመሰገኑትም፤ «ቢዘገይም ሠራህ» ነው ያሉት።

ዝናቡ መሬት በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«ዛኪር! ይህች መኪና እግሬን መታችኝ!»

የሆነው እንዲህ ነው። መቅዲን ከኋላ አስተኝተው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ከጭጋጉ ውስጥ መንገድ ዘግቶ የቆመ የጭነት መኪና ብቅ አለባቸው። ፍሬኑን በሙሉ ጉልበታቸው ረገጡት። ፔዳሉ እግራቸው ስር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ግን አልተንሸራተተችም፤ መሪውን ሲያዞሩት እሺ ብላ በጎን አለፈች።

«መቅዲስ?» አለ ዛኪር።

«ወንድ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። ፍሬኑ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ነገ አመጣታለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እትዬ፣ ኤቢኤሱ ሲሠራ እኮ ነው እንደዚያ የሚንቀጠቀጠው። መኪናዋ ምንም አልሆነችም።»

«የነዳሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ዛኪር ይህን ክርክር በቀላሉ ያሸንፍ ነበር። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ድል ተመኝቶ ነው የኖረው።

«እርስዎ ነዎት» አለ። «ያምጧት፤ ጠዋት እጠብቅዎታለሁ።»