በጾም የተወራ ዘፈን

ሰው ቤቱን ያሳያል፣ ልጁን ያሳያል፣ የሠርግ ፎቶውን ያሳያል፤ ምንም አይመስለውም። የሚወደውን ዘፈን ለሰው ማሰማት ግን ሌላ ነገር ነው። እስቲ ሞክሩት። ስልካችሁን አውጥታችሁ «ቆይ፣ አንዷን ላሰማህ» ስትሉ ገና መጸጸት ትጀምራላችሁ። ዘፈኑ ሲከፈት እናንተ ዘፈኑን አትሰሙም፤ የሰሚውን ፊት ነው የምታዩት። ቅንድቡ ተነሳ? ጭንቅላቱን ነቀነቀ? ወይስ ሊያዛጋ ነው? ከዚያ ያቺ ሁልጊዜ የምታስለቅሳችሁ ቦታ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ሰውየው «እኔ የምልህ፣ ያ የመሬት ጉዳይህ ምን ደረሰ?» ይላችኋል። አለቀ። ከሰውየው ትጣላላችሁ፤ ይባስ ብሎም ከዘፈኑ ጋር ትቀያየማላችሁ። ቤታችሁ ገብታችሁ ብቻችሁን ስትከፍቱትም እንደ ድሮው አይሆንላችሁም።

እኔ በተፈጥሮዬ ጭንቀታም ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ሠርግ ስትጠራም ትጨነቃለህ፣ ሳትጠራም ትጨነቃለህ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለ በየሳምንቱ የሚወዱትን ዘፈን ከሚያሰሙ ሰዎች መሀል ገብቼ መቀመጤ ለራሴም ይገርመኛል።

ማኅተምና ሊቀ መንበር ያለው ማኅበር እንዳይመስላችሁ። እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ ደምሴ የሚባል የስልክና የቴፕ ጠጋኝ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሱቁን በር ገርበብ ያደርግና ከጓሮው ሁለት አግዳሚ ያወጣል። ሰዓዳ ትመጣለች፤ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፣ ክርክር ከጀመረች ሐኪምም አይመልሳት። ጋሽ ይመር ይመጣሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማውን ሱሪ ሲያሳጥሩና ሲያስረዝሙ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን የሸጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ ደግሞ ከግብርና ጽሕፈት ቤት እመጣለሁ። ባለ ተራው አንድ ዘፈን ይዞ ይቀርባል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አይናገርም፤ ካለቀ በኋላ ማንም ዝም አይልም። ሰዓዳ ቅኝቱን ትይዛለች፤ «ይሄ አምባሰል ነው ያላችሁ ማነው? በነቢ፣ ጆሯችሁን ታጠቡ» ትላለች። ደምሴ ኪቦርድ የገባበትን ሁሉ ይጠላል፤ ኪቦርድ ሲጠግን እንኳ ፊቱን አጨፍግጎ ነው። ጋሽ ይመር የሚሰሙት ግጥሙን ነው። «ዜማ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅማ ማንም ይገዛል። ስፌቱን አሳዩኝ» ይላሉ።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። በጾም ዘፈን አይከፈትም፤ በኛ ከተማ ይህ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቤት ወግ ነው። ደምሴ ስፒከሩን በነጠላ ጠቅልሎ መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጠው። መገናኘቱን ግን አልተውንም፤ ለምደነዋላ! ቁጭ ብለን ከምንተያይ ብለን ስለ ዘፈን ማውራት ጀመርን። ማውራት ጾም አያስፈታም ብለን ራሳችን ወሰንን። ቄስም ሼህም አልጠየቅንም፤ እንዳይከለክሉን ፈርተን ነው። ማንጎራጎር ግን በፍጹም አይፈቀድም። ዜማው ከፍ ሲል እጅ ከፍ ይላል፣ ሲወርድ እጅ ይወርዳል፣ ሲንቀጠቀጥ ጣት ይንቀጠቀጣል። በዚያ የሚያልፍ ሰው አራት ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ እጃቸውን ሲያወናጭፉ አይቶ ምን እንዳለ አላውቅም።

ስሕተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ዘፈን በወሬ ሲቀርብ ከልክ በላይ ያምራል። የሚሰነጠቅ ስፒከር የለ፣ የሚያቋርጥ መብራት የለ፣ ጾመኛ ሆድ ደግሞ ሁሉም ነገር ይጥመዋል። ተራዬ ሲደርስ እኔም ስለ ወረኢሉው ዘፈን አወራሁ።

ወጣት ሳለሁ ወረኢሉ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከፊት ለፊት ካለ ካሴት ቤት አንድ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ስሟን እስከ ዛሬ አላውቅም። ማሲንቆው ብቻውን ይጀምራል፤ እሷ ቆየት ብላ ትገባለች፤ መሀል ላይ ማሲንቆው ድንገት ዝም ሲል እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ ትላለች፦

ሂድ ይሉኛል፣ እግሬ መንገድ መች ጠላና፣
የሚሸኘኝ ጠፍቶ ቀረሁ እንደ ገና።

ይኼኔ ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» አለ፤ አውቶቡሱ ተነሳ፤ ዘፈኑን ሳልጨርስ ሄድኩ። ይህንን ሁሉ ለወዳጆቼ ነገርኳቸው። ዜማውን በእጄ አሳየሁ። ስንኙን ሳላዜም፣ እንደ ተራ ወሬ አልኩት። ስጨርስ ሰዓዳ እንኳ «ይቺስ አምባሰል ናት» ብላ ያለ ክርክር አመነች። ጋሽ ይመር ስንኙን አስደገሙኝ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው የኮታቸውን ቁልፍ ሲያሻሹ ቆዩ።

«ፋሲካ ሲያልፍ ታመጣታለህ፣ አይደል?» አሉኝ።

«አመጣለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ጋሽ ይመር አዲስ አበባ ሐዋ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ እሷ ዘንድ ሄደው እንዲኖሩ ከለመነቻቸው ቆይታለች። ኢድን አብረን እናክብር፣ በዚያው ይቀራሉ ብላ ነበር። በሳምንቱ አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ሐዋ ነኝ፣ የይመር ልጅ። አባየ ያንተን ዘፈን ሳልሰማ አልመጣም አሉኝ። እውነት ነው?»

ምን ልበል? እውነት ነው አልኳት።

«ብቻቸውን ናቸው እኮ» አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። «ባለፈው ድስት ጥደው ረስተው ጎረቤት ነው በጭሱ የደረሰላቸው። እባክህን ቶሎ አሰማቸውና ይምጡልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተበላሸ። የአንድ ሽማግሌ ኑሮ እኔ ሳልጨርስ በተነሳሁበት ዘፈን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጭንቀቱ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ካሴቱ ባይገኝስ? ቢገኝና ባያምርስ? ሳይገኝ ጋሽ ይመር እዚህ አንድ ነገር ቢሆኑስ? ቢሮ ተቀምጬ የማዳበሪያ ሪፖርት ስጽፍ የጭስ ሽታ የሚሸተኝ ይመስለኝ ጀመር።

ኢድ ደረሰ። ሰዓዳ ከእንግዲህ የፈለገችውን መስማት ትችላለች፤ የእኔና የደምሴ ጾም ግን ገና ነው። «አንቺ ስሚ እንጂ፣ እኛን ለምን ትጠብቂያለሽ?» ብንላት «ብቻየን ሰምቼ ከማን ጋር ልከራከር?» አለችና አብራን ጾመች። ጋሽ ይመርም እንደዚያው።

በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወረኢሉ ተላክሁ። ካሴት ቤቱ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ባለቤቱ ግን ያው ሰውዬ ነው፤ ሸብቷል። ዘፈኑን በእጄ ሳሳየው እንደ እብድ አየኝ። ኋላ ግን ስቆ ጓዳ ገባና አንድ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወጣ። ካሴቱ ላይ የዘፋኟ ስም ተፍቋል። «በዚያን ጊዜ ማሲንቆ ያለባት ስናጫውት የኖርነው ይችን ነው» አለኝ። ለደምሴ ወስጄ ሰጠሁት። እሱ ድምፁን ዘግቶ ሁለቱንም ፊት ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ፤ ባለ ተራው ሳያሰማ እሱ አይሰማም፣ ደግሞም ሕማማት ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ነው።

ፋሲካ አልፎ ማክሰኞ ለታ ቤቴ በሬን ዘግቼ ከፈትኩት። የማሲንቆው መግቢያ ገና ሲጀምር ልቤ ዘለለ፤ እሱ ነው! ድምጿም እሱ ነው፤ ትንሽ ቀጥኗል እንጂ። መሀል ላይ ደረሰ። ማሲንቆው ዝም አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

ኪቦርድ ገባ።

ከኪቦርዱ በኋላ «እሰይ፣ እሰይ» የሚሉ ተቀባዮች መጡ፤ እሰይ እሰይ እያሉ ቆይተው ዘፈኑ አለቀ። ስንኙ የለም። መልሼ ከፈትኩት፤ የለም። ካሴቱን በሁለቱም ፊት ሰማሁት፤ የለም። ታዲያ ያን ስንኝ ማን አለው? ከሌላ ዘፈን ገብቶብኝ ነው? ወይስ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ዘፈኑን በሐሳቤ ስጨርሰው የኖርኩ እኔ ነኝ? ዘፋኟ ብትሆንማ «ሂጂ ይሉኛል» ነበር የምትለው። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ግጥም ጽፌ አላውቅም! ስንኙ ግን እንደ ራሴ ስም በደንብ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴን ብጠይቃት «ደግሞ ጭንቀቱ አልበቃ ብሎህ ግጥም ጀመርክ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ሰበብ ፍለጋ ያዝኩ። ካሴቱ ጠፋ እንዳልል ደምሴ ያውቃል። ታመምኩ እንዳልል ሰዓዳ መድኃኒት ይዛ ትመጣለች።

የዳግም ትንሣኤ ዕለት ሄድኩ። ጋሽ ይመር የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ሻንጣቸው መታሰሩን፣ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ እንደሚሳፈሩ ሰዓዳ በጆሮዬ ነገረችኝ። ደምሴ ስፒከሩን ከነጠላው ፈታው። ፍላሹን ገልብጬ ሰካሁት፤ አልገባ አለኝ።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ይመር።

ተከፈተ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ማሲንቆው፣ ድምጿ፣ ያቺ ዝምታ፣ ከዚያ ኪቦርዱ። ደምሴ ጥርሱ እንደታመመ ሰው ጉንጩን ያዘ። እሰይ፣ እሰይ። አለቀ። ሰዓዳ ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ወደ ጋሽ ይመር አየችና መልሳ ዘጋችው። ሰዓዳ ክርክር ስትውጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄ አይደለም» አሉ ጋሽ ይመር።

«ጋሼ፣ እሱ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ስንኙ ዘፈኑ ውስጥ...»

«አይደለም እያልኩህ! ያ ስንኝ የታለ? ወላሂ ሰውየው ሌላ ካሴት ነው የሰጠህ።»

«ድምጿም አይደለም» አለ ደምሴ። ድምጿን የት እንደሚያውቀው እግዜር ይወቅ።

«አምባሰልም አይደለም» አለች ሰዓዳ።

ሦስቱም ዘፈኑን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ልከራከር ብዬ ቀና ስል ጋሽ ይመር ስልካቸውን አውጥተው ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ይነካካሉ።

«ሐዋ? አሰላሙ አለይኩም። እኔ ነኝ። ልጁ ዘፈኑን አላገኘውም። አዎ፣ ሌላ ነው የሰጡት። ምን ያርግ፣ የሱ ጥፋት አይደለም፣ እየፈለገ ነው። ሲያገኘው እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ የክት ኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱና ደህና አድርገው ወደ ኋላ ተደገፉ። እንዲህ ዘና ብለው አይቻቸው አላውቅም።

ሲመሽ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ዳገቱን በዝግታ ስንወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማንጎራጎር ጀመሩ። «ሂድ ይሉኛል...» ስንኙ የእኔው ነው፤ ግን በዜማ ነው የሚሉት፣ ያቺ ዘፋኝ በትዝታዬ ውስጥ በምትለው በዚያው ዜማ። ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ዜማውን ማን ነገረዎት? እኔ በጾም አንጎራጉሬ አላውቅም።»

«አንተ በእጅህ አሳይተኸን የለ?» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በራቸውን ሲከፍቱ ሻንጣው ከነገመዱ ደፉ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ገመዱን እንድፈታላቸው አዘዙኝ፤ ፈታሁላቸው።

አሁን እኔና ሰዓዳ ምድጃቸውን በተራ እናያለን፤ ደምሴም ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት በመስኮታቸው ብቅ ይላል። ሐዋ ግን መደወሏን አልተወችም። አባቷ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን እላታለሁ? ትክክሉ መቅረታቸው ይሁን መሄዳቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የገባው ሰው ካለ ይንገረኝ። «አገኘኸው ወይ?» ትለኛለች። «እየፈለግሁ ነው» እላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ አጅባር ሄጄ ነበር። ገበያው ዳር አሮጌ ካሴት የሚሸጥ ሰው አለ፣ የማታገኘው ዘፈን የለም አሉኝ። በዚያ በኩል አላለፍኩም።