ወንድሜ ሥራ አስኪያጅ ሲፈልግ

ስልኩ ሲጮኽ የአንሶላ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ማክሰኞ ነው፤ ለምሳ ጥቂት ይቀራል። የደወለው የወንድሜ የከብት እርባታ ዋና አላቢ ነው፤ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው።

«እትዬ፣ ጋሼ በረት ውስጥ ወደቁ» አለኝ።

«ተነሣ?»

«አልተነሡም። ላሞቹ ታልበዋል። ለእሱ አያስቡ» ሲል ጨመረ።

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁት። ማልቀስ ሲገባኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሌላ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራ አስኪያጅ ሲፈልግ ኖሮ፣ አንድም ሰው ሳይቀጥር ሄደ።

እንዲህ ያለ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ሥራ በዝቶበት አጋዥ ይፈልጋል፤ አጋዥ ሲመጣለት የሚጥመው የለም። ሠራተኛ የማይበረክትላት አክስት፣ ሦስት ግንበኛ ያባረረ ጎረቤት፣ ለልጇ የመጣውን እጮኛ ሁሉ የምትመልስ እናት፣ ሁሉም የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው። ወንድሜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቢሮ ጸሐፊ ስለነበርኩ «ቦርዱ» የሚል ስም አወጣሁለት። አመልካች በመለሰ ቁጥር፣ «ቦርዱ ተሰብስቦ ወሰነ ማለት ነው?» እለዋለሁ። «በሙሉ ድምፅ» ይለኛል፤ ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል የለም። ሚስት ያላገባውም ቦርዱ ምልአተ ጉባኤ ስላጣ ነው እያልን እናማው ነበር።

ፍለጋው የተጀመረው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። የልብ ሐኪሙ ከእንግዲህ ከከብት ጋር መታገል ይቅርብዎ ብሎት ነበር። «ሰው ቅጠርና አንተ ጥላ ሥር ቁጭ በል» አልኩት።

«እሺ እታለም፣ ማስታወቂያውን ጻፊው» አለኝ።

ጻፍኩት። ለግል ከብት እርባታ ሥራ አስኪያጅ፤ የትምህርት ደረጃ፤ የሥራ ልምድ፤ ደመወዝ በስምምነት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ከብት የሚወድ የሚል የለውም» አለ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ በማስረጃ አይቀርብም።»

«እንግዲያው እኔ አየዋለሁ።»

ማየቱንስ አየ። መጀመሪያ የመጣው በእንስሳት እርባታ ሁለት ዲግሪ ያለው ሰው ነበር። ቦርዱ ማስረጃውን ሳይገልጥ በረት አስገባውና ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ እንዲቆም አዘዘው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰውዬው ስልኩን አወጣ።

«ጎበዝ ነው፤ ግን» አለኝ ወንድሜ።

«ግን ምን?»

«ጥጃዋ ስታነክስ አላያትም።»

«ጎበዝ ነው፤ ግን» ከዚያ ወዲህ እንደ ማኅተም ሆነ። ቀጥሎ ትልቅ እርሻ ያስተዳደረ ባለ ኮፍያ ጎልማሳ መጣ። ስለ ድርቆሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ክትባት ሲናገር ዋና አላቢው አፉን ከፍቶ ሰማው። «ጎበዝ ነው፤ ግን ለእኔ ብቻ ነው ያወራው። አላቢዎቹን ሰላም አላለም።» ሰላም ያለውን ደግሞ፣ «ጎበዝ ነው፤ ግን ሰላምታ አበዛ» ብሎ ሸኘው። ሌላውን በቀልዱ ስለሳቀ መለሰው። የወንድሜን ቀልዶች ስለማውቃቸው በዚህኛው አልተከራከርኩም። አንዱ ጫማው ንጹሕ ስለሆነ ወደቀ፤ ሌላው ጫማው ስለቆሸሸ። ይኼን ጊዜ አፋጠጥኩት።

«የመጀመሪያው በረት አልገባም» አለኝ። «ሁለተኛው ገብቶ ሳይታጠብ ቢሮዬ መጣ። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

ቦርዱ አንዳንዴ ልክ ነበር።

ከሁሉም ያንገበገበችኝ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ናት። የመጣች ዕለት አንዲት ላም ምጥ ላይ ነበረች፤ ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቶ። ሴትዮዋ ሰላምታዋን ሳትጨርስ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። እናትም ልጅም ተረፉ። ወንድሜ ራሱ ውሃ እያፈሰሰ አስታጠባት። በቃ፣ ተገላገልን ብዬ ውሉን መተየብ ጀመርኩ።

«ጎበዝ ናት፤ ግን» አለኝ።

«በፈጠረህ ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው?»

«ግን እሷ የራሷን ከብት ታርባ እንጂ የሰው ከብት ለምን ትጠብቃለች?»

ሦስት ቀን አላናገርኩትም። በአራተኛው ደወለ። «ማስታወቂያውን ታወጭዋለሽ ወይስ ቦርዱ ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ?» አወጣሁለት።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ እርባታው ሄድኩ። ሌላ ወራሽ ስለሌለ የእኔ ሆኗል። አላቢዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር።

«እትዬ፣ ዝናቡ ሳይገባ አንድ ሰው ካልመጣ ብቻችንን አንዘልቀውም» አለኝ ዋና አላቢው። «ከብቱን ሊሸጡት ከሆነም ቁርጡን ይንገሩን። እኛም ሌላ ሥራ እንፈልግ።»

ስልሳ ሁለት ከብት ነው፤ ስምንት ሠራተኛ። በማግስቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ጋ ደወልኩ። መጣች። ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን፤ እኔ በወንድሜ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ያኔ ስላልቀጠራት ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

«በየሐሙሱ ይደውሉልኝ ነበር እኮ» አለች።

«ማን?»

«እሳቸው። ስለ ጥጃው፣ ስለ መኖው፣ ስለ ሁሉም። ባለ ሁለት ዲግሪውን ያማክሩት ነበር። ባለ ኮፍያውንም እንዲሁ። እኛ እርስ በርስ እንተዋወቃለን፤ ያልተቀጠሩ ሠራተኞች ነው የምንባባለው።»

ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

«ታዲያ ለምን አልቀጠረሽም?»

«አንድ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። ‹አንቺን ከቀጠርኩ እህቴ ጥላ ሥር ታስቀምጠኛለች› አሉኝ።»

ሰባት ዓመት የተየብኩት ማስታወቂያ ሁሉ እኔኑ ዝም ማሰኛ ነበር። ልናደድበት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጥላ ሥር ቢቀመጥ ምናልባት ዛሬም በኖረ። ግን እዚያ ተቀምጦ የሚውለውን ሰው አላውቀውም፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። የምወደው ይኼኛውን ነበር፤ እምቢ ባዩን፣ ከቀጠራቸው ይልቅ የመለሳቸውን የሚያምነውን።

«አሁን እኔ ልጠይቅዎት» አለች። «እዚህ የሚያዘኝ ማን ነው? እርስዎ ነዎት ወይስ እሳቸው?»

«እሱማ...» ስል አቋረጠችኝ።

«ጋሼ እንዲህ አያደርጉም ነበር እየተባልኩ አልሠራም። አሥራ አንድ የነጠፉ አሮጌ ላሞች አሉ። ወተት የላቸውም፤ አይወልዱም፤ መኖውን ግን ከሚታለቡት እኩል ይበላሉ። እኔ ከመጣሁ መጀመሪያ የሚሸጡት እነሱ ናቸው። ኋላ እንዳንቀያየም ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርዎት።»

ላሞቹን አውቃቸዋለሁ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት በየስማቸው ይጠራቸው ነበር። ሴትዮዋ የተናገረችው ግን ልክ ነው፤ ያለው መኖ ለሁሉም አይበቃም።

«እስከ ሰኞ ጊዜ ስጪኝ» አልኳት።

«እሰጥዎታለሁ። ዝናቡ ግን አይሰጥዎትም» አለችና ተነሣች።

ሰኞ አልፏል። የቅጥር ደብዳቤውን ተይቤዋለሁ፤ ስሟም፣ ሥራ የምትጀምርበት ቀንም ተሞልቷል። አልፈረምኩበትም።