መርማሪው አጎትና የልጄ ሄሊኮፕተር

በየቤተሰቡ አንድ የማያምን ሰው አለ። ሃይማኖት አላነሳሁም። የፍሪጅ ሻጭን፣ የአየር ትንበያን፣ የሐብሐብን ቅርፊትና የሙሽራን ፈገግታ የማያምን ሰው ማለቴ ነው። «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውዬው እናንተው ትሆናላችሁ።

በእኛ ቤት ማዕረጉን የያዙት የሚስቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የእጅ ባትሪ ከደረት ኪሳቸው የማይለይ ሰው። በሌሉበት «ክቡር መርማሪ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ጋሼ። የጋሼ ንግግር ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «አንድ ነገርማ አለ!»

ዕቃው ረከሰ? አንድ ነገርማ አለ። ተወደደ? አንድ ነገርማ አለ። ሐኪም «ሙሉ ጤነኛ ነዎት» ቢላቸው ሌላ ሐኪም ፍለጋ ሄዱ። የመጨረሻዋ እህታቸው ልታገባ ስትል ሙሽራውን ሦስት ቀን እግር በእግር ተከታትለው፣ ከሥራ ሲወጣ አንድ ግቢ ገብቶ እንደሚያመሽ ደረሱበት። ቤተሰቡ ተንጫጫ። ግቢው የእናቱ ቤት ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው እራት ቀረበላቸው፤ በሉም። የቀረበላቸውን ሳሕን ግን አስቀድመው ከሙሽራው ሳሕን ጋር ቀየሩ።

ታዲያ ልጄ ሄሊኮፕተር ማብረር ልማር ስትል ነገሩ በማን እጅ እንደሚወድቅ መገመት አያቅትም።

ልጄ ነርስ ናት። አንድ ቀን ጎርፍ መንገድ ከቆረጠበት መንደር ምጥ የያዛት ሴት በሄሊኮፕተር ወደምትሠራበት ሆስፒታል መጣች። ልጄ እናቲቱንም ሕፃኑንም ተቀበለች፤ ዓይኗ ግን አብራሪው ላይ ቀረ። አብራሪው ላይ ስል መሪው ላይ ማለቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቆጠበች። ያጠራቀመችው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ይበቃል፤ ከተሳሳትን ሁለተኛ ዕድል የለም።

«ወንድሜ ሳያየው አትመዘገቢም» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ እሳቸው ካዩትማ አሮጊት እስክሆን አልመዘገብም!»

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት መስታወት በመስታወት ነበር። ገና ከመቀመጣችን ለልጄ ኮፍያ ሰጧት። ከረባት ያሰረው ሥራ አስኪያጅ «የእኛ የሰዓት ክፍያ ከሁሉም ይረክሳል» ብሎ ፈገግ አለ። ጋሼ ፈገግታውን እንደ ዛገ የሊፍት ገመድ ተመለከቱት።

«ነዳጁ ዋጋው ውስጥ ነው?»

«ነዳጅ ለብቻ ነው።»

«መድኑስ?»

«እሱም ለብቻ።»

«አሰልጣኙ?»

ሰውዬው ከረባቱን ነካካ። «የአሰልጣኝ... እሱም ለብቻው ይታሰባል።»

«እንግዲያው የምትሸጡልን ወንበሩን ብቻ ነዋ! እስቲ ወንበሩን አሳዩን።»

ሄሊኮፕተሯ ጥገና ላይ ናት ተባለ። የት? ሩቅ። መቼ ትመለሳለች? በቅርቡ። ጋሼ ተነሱ። በሩ ጋ ስንደርስ ኮፍያውን ከልጄ ራስ ላይ አንስተው ጠረጴዛው ላይ መለሱት፤ ኮፍያ የተቀበለ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል አሉ።

ሁለተኛው ዘንድ ሄሊኮፕተሯ ቆማ ጠበቀችን። ቀይ፣ የምታብረቀርቅ፣ ባለ ሁለት ወንበር። ዋጋውም ነዳጅና አሰልጣኝ ይዞ ከአቅማችን አላለፈም። ልጄ ገብታ ተቀመጠች፤ መሪውን በሁለት ጣቷ ስትነካው የሕፃን ጉንጭ የምትነካ ይመስል ነበር። ገና ሳትበር ልቧ በሮ ነበር። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጋሼ ግን ሲሚንቶው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው በባትሪ የሄሊኮፕተሯን ሆድ ያያሉ። ሲነሱ የጥገና መዝገቡን ጠየቁ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ቅጠል በቅጠል ገለጡት። ወጣቱ ኃላፊ አጠገባቸው ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ስንት መካኒክ አላችሁ?»

«ሦስት።»

«ሦስቱም አንድ እጅ ነው ያላቸው?»

ኃላፊው አልገባውም።

«ስድስት ወር ሙሉ አንድ ጽሕፈት፣ አንድ እስክርቢቶ። ደግሞ አንዲት የግራሶ ጠብታ የለበትም። የሚሠራ ሰው የጻፈው መዝገብ ይቆሽሻል። ይሄ እንደ ሠርግ ጥሪ ንጹሕ ነው። በአንድ መቀመጫ ነው የጻፋችሁት።»

ኃላፊው «ገልብጠነው ነው» አለ፤ የመጀመሪያው የታለ ሲባል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ስልክ ሊያነሳ ገባ።

መኪና ውስጥ ልጄ አለቀሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ በሕይወትዎ አንድ ሰው አምነው ያውቃሉ?»

ተቆጥተው ይመልሳሉ ብዬ ነበር። ባትሪያቸውን በእጃቸው አገላበጡ።

«አምኜ አውቃለሁ» አሉ። «ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ ‹ገመዱን አይቼዋለሁ፣ አንተ ፈርም› አለኝ። ወጥቼ ሳላይ ፈረምኩ። ሊፍቱ ሁለት ፎቅ ወደቀ። ውስጡ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ተረፈች፤ እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሱቋ እኔ የምሄድበት መንገድ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት ስታነክስ አየኋት።»

ይህንን ሚስቴም አታውቅም ነበር። ልጄ እንባዋን ጠርጋ «ሦስተኛው የት ነው?» አለች።

ሦስተኛው ከሜዳው ዳር ያለ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሄሊኮፕተሯ ነጭ፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ እሷም ባለ ሁለት ወንበር። አሰልጣኟ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ሰላምታ ሳይሰጡን ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?»

«እኔ?»

«እርስዎ። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ባትሪ፤ ሁሉንም እዚህ ሳጥን ውስጥ። እጽፈዋለሁ፤ ሲወጡ ቆጥሬ እመልሳለሁ። አንድ ብሎን ወይም ሳንቲም መሪው ሥር ገብቶ ሰው ይገድላል።»

በሕይወታቸው ተፈትሸው የማያውቁት ጋሼ ኪሳቸውን አራገፉ። መዝገብ ጠየቁ፤ ጥግ ጥጉ በአውራ ጣት አሻራ የጠቆረ መዝገብ መጣላቸው። ሞተሩ ለትልቁ ጥገና ስንት ሰዓት እንደቀረው ጠየቁ፤ ሴትዮዋ መዝገቡን ሳያዩ ነገሯቸው፤ ጋሼ አመሳከሩ፤ ትክክል ነበር። የሰዓት ክፍያው ከሁለተኛው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ነገር ግን በኋላ የሚመጣ ጭማሪ የለውም። ሴትዮዋ በራሳቸው እጅ ጽፈው ፈረሙበት።

ከዚያ ጥያቄው ወደ ልጄ ዞረ። ክብደቷን፣ ዓይኗን፣ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቋት። «ትናንት ለስንት ሰዓት ተኛሽ?»

«ተረኛ ነበርኩ። ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ።»

«እንግዲያው ዛሬ ለሙከራም አላወጣሽም። ተኝተሽ ነይ።»

ልጄ ፊቷ ጠቆረ። ጋሼ ግን ክንዴን ጨብጠው ወደ ጥግ ጎተቱኝ። ፊታቸው እንደ በዓል ቀን በርቷል።

«ይቺ ሴትዮ ማንንም አታምንም!» አሉኝ በሹክሹክታ። «እዚህ ትመዝገብ።»

ተመዘገበች። ጋሼም ሳይመዘገቡ የተመዘገቡ ያህል ሆኑ። በየቅዳሜው እየመጡ ኩሽኔታ ካልነካካሁ፣ ዘይት ካላሸተትኩ ሲሉ አሰልጣኟ ሰለቻቸው። «ወይ ከፍለው ይማሩ፣ ወይ ከአጥሩ ውጭ ይቁሙ» ተባሉ። ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ከልክለው ስላስወጧቸው ጋሼ ሴትዮዋን ይበልጥ አከበሯቸው።

ለብቻዋ የምትበርበት ቀን ደረሰ። አሰልጣኟ ከአጠገቧ ወርደው በሩን ዘጉና ጎንበስ ብለው ራቁ። እኔና ጋሼ አጥሩ ሥር ነበርን። ሞተሩ ጮኸ፤ ሣሩ ተኛ። ዞር ስል ጋሼ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአጥሩን ሽቦ ከኋላቸው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ጋሼ! ተነሳች እኮ!»

«አንተ እያት። እኔ አልችልም። ንገረኝ ብቻ።»

«ከፍ ብላለች።»

«ቀጥ ብላ?»

«ቀጥ ብላ። አሁን ወደ ግራ እየዞረች ነው።»

«ነፋሱስ?»

«ችላዋለች፣ ጋሼ።»

ልትመለስ ስትወርድ ግን መሬቱ አጠገብ የሄሊኮፕተሯ ጭራ ወዲህና ወዲያ ተወዛወዘ። «እንደ ላባ አረፈች» ልል አፌን ከፍቼ፣ የተጨፈኑትን ዓይኖች ሳይ ምላሴ እምቢ አለኝ።

«እየተንገዳገደች ነው» አልኩ። «... አሁን ጸናች። ወረደች። ነካች። አርፋለች፣ ጋሼ።»

ዞረው አላዩም። የክንፉ ሽክርክሪት እስኪቆም፣ ልጄ በሩን ከፍታ ስማቸውን እየጠራች እስክትሮጥ ድረስ አልዞሩም። የእኔን ቃል ብቻ ይዘው፣ ጀርባቸውን ለሜዳው እንደሰጡ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ስቀልድባቸው የኖርኩት ሰው ሽቦውን የጨበጡበትን ጣት አንድ በአንድ አላቅቄ በእጄ ያዝኩት።